ቀዩን ገመድ ከእጅህ እሰር

ዓሣ አጥማጁ ኑርሑሴን በፌስታል የጠቀለለውን ነገር ከጃኬቱ ስር አወጣና ቃልኪዳን ጉልበት ላይ አኖረው።

«እንች ልጄ» አላት። «ለቅሶ ቤት መጽሐፍ ተይዞ እንደማይመጣ አላጣሁትም። ግን የአባትሽ እጅ አለበት። ካረፈ ወዲህ እቤት ማሳደሩ ከበደኝ።»

ቃልኪዳን ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ፌስታሉን ፈታች። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ እንጂ ወሬያቸውን አላቆሙም። ለቅሶ የሚደርስ ሰው እንባም ወሬም ይዞ ነው የሚመጣው፤ እንባው በመጀመሪያው ቀን ያልቃል፣ ወሬው ግን እስከ ሰባት ይዘልቃል። ይህ ደግሞ ገና ሁለተኛው ቀን ነበር።

ከፌስታሉ የቤንዚን ሽታ ወጣ። መጽሐፉን ሳትገልጠው አወቀችው፤ አባቷ አምባቸው የጻፈው፣ እሷ ራሷ ያረመችው የጀልባ ሞተር መመሪያ ነው። ሽፋኑ በግራሶ ጠቁሯል። ጀርባው ተገንጥሎ በመረብ ክር ተሰፍቷል። አንዱ ገጽ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቆ ደርቋል። በሐዘኗ መካከል እንኳ ቅናት ቢጤ ሽው አለባት። እሷ የምታዘጋጀው «ደንገል» የተባለ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት በየሰዉ መደርደሪያ ላይ እንደ ሙሽራ ተከብሮ ነው የሚቀመጠው፤ ይህን ያህል የተዳሰሰ ቅጂ አይታ አታውቅም።

«ሦስተኛውን ምዕራፍ ግለጭው» አላት ኑርሑሴን።

ገለጠችው። ከምዕራፉ ርእስ በላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ያ ቀጥ ያለ የመምህር እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፦

«ሞተሩን ከማስነሣትህ በፊት ቀዩን ገመድ ከእጅህ እሰር።»

አራተኛውን ገለጠች። ያው ነው። አምስተኛው ላይም፣ ስድስተኛው ላይም። ከሁለተኛው ምዕራፍ እስከ አሥራ ሁለተኛው፣ አንዱንም ሳይዘል፣ አሥራ አንድ ጊዜ ጽፎታል። ይህን ዓረፍተ ነገር ታውቀዋለች፤ የዛሬ ሁለት ዓመት አሥራ አንድ ጊዜ የሰረዘችው እሷ ናት።

«መቼ ነው የጻፈልዎ ጋሽ ኑርሑሴን?»

«አምና ክረምት። እኔ ዘንድ ብቻ እንዳይመስልሽ። ከዘጌ እስከ ደልጊ ጀልባ ያለውን ሰው ሁሉ አዳርሷል። ‹መጽሐፍህን አምጣ› ይላል፣ ቁጭ ይላል፣ ይጽፋል፣ ይሄዳል። ሻይ ጠጣ ብንለው እንኳ እሽ አይልም።»

«ለምን እንደሆነ አልነገረዎትም?»

«‹ረስቸው ነው› አለኝ። አምባቸው ነገር ሲረሳ አይቸ አላውቅም። ግን ሰው ረሳሁ ካለ ምን ትይዋለሽ?»

አሥራ አንድ ጊዜ መርሳት፣ አለች ቃልኪዳን በልቧ።

አምባቸው ሃያ ስድስት ዓመት የሞተር ጥገና አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ከጡረታ በኋላ አንዲት ትንሽ የፋይበር ጀልባ ገዝቶ ሐይቁን እንደ ግቢው ይመላለስበት ነበር። በታኅሣሥ በዓታ ጠዋት፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣ «ቁንዝላ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። በማግስቱ ዓሣ አጥማጆች ጀልባዋን ከዘጌ ዳር ከበቀለው ደንገል ውስጥ ተሰክታ አገኟት፤ እሱ ከውስጧ ወድቋል። ጎትቶ ያመጣት ኑርሑሴን ነው። ሐኪሙ «ልቡ ነው» አለ። በዚያው ዕለት፣ ታኅሣሥ አራት፣ ቀበሩት።

«ገመዱ ከእጁ ላይ ነበር» አለ ኑርሑሴን፤ ትናንት ለወንዶቹ የነገረውን ዛሬ ለሷ መንገሩ ነው። ገመዱ ጥምዝምዝ ያለ ነገር ነው፤ አንደኛው ጫፍ ከሞተሩ ማጥፊያ ላይ ይሰካል፣ ሌላው ከነጂው እጅ ይታሰራል። ነጂው ከወደቀ ገመዱ ይመዘዝና ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። «ያ ገመድ ባይኖር ጀልባዋ ስትሮጥ ውላ የት እንደምትገባ አላህ ነው የሚያውቅ። ሬሳም ባላገኛችሁ። የወደቀ ጊዜ ሞተሩም አብሮት ቆመ። ቤንዚኑን አይቸዋለሁ፤ ዘጌ የሚያደርሰውን ያህል ብቻ ነው የነደደ። ቁንዝላ አልደረሰም።»

ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ ሲል ቃልኪዳን ወደ ውስጥ ገባች። የአባቷን ዕቃ ያስረከቧቸው በጥቁር ፌስታል ነበር፤ ትናንት ከቀብር መልስ ተቀብላ ቁም ሳጥን ውስጥ የቆለፈችበት እሷ ናት። ምን ምን እንደነበረ ታስታውሳለች፦ መነጽሩ፣ ሰዓቱ፣ ቀዩ ገመድ፣ አንድ ቀይ እስክሪብቶ። እስክሪብቶውን ስታየው አልቅሳ ነበር፤ የራሷ ነዋ። ጽሑፍ ስታርም ክዳን የማኘክ አመል አለባት፣ የጥርሷ ምልክት ክዳኑ ላይ አለ። ከጠረጴዛዋ ላይ ከጠፋ መንፈቅ አልፎታል፤ ለካ አባቷ ኪስ ገብቶ ኖሯል።

አሁን ቀለሙን ከኑርሑሴን መጽሐፍ ጋር ልታስተያይ ብላ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። መነጽሩ አለ። ሰዓቱ አለ። ገመዱ አለ፤ ስትነካው ግን ውሃ እንዳዘለ ነው፣ አሁን ከሐይቁ የወጣ ይመስላል። እስክሪብቶው የለም።

ፌስታሉን ገለበጠችው። መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ አወጣች፣ ወለሉን በመዳፏ ዳበሰች። ቁልፉ ከትናንት ጀምሮ ከማተቧ ጋር ታስሮ አንገቷ ላይ ነው የዋለው፣ ያደረውም።

«እማ፣ ከአባዬ ዕቃ እስክሪብቶ አንሥተሻል?»

«እኔ ምን ልጽፍበት ልጄ?» አለች እናቷ አገርነሽ፣ ከፍራሹ ቀና ሳትል።

አባቷ መመሪያውን የጻፈው በስድስት የተማሪ ደብተር ነበር። ደብተሮቹን ይዞ ከፔዳ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ አጠገብ ወዳለችው ጠባብ ቢሮዋ የመጣ ዕለት ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ነበር። «ለልጄ ነው ለአዘጋጇ የማቀርበው?» ብሎ ቀለደባት። እሷም እየሳቀች ለአዘጋጇ ነው አለችው። ወዮ ላዘጋጇ።

ፍርድ አናጓድል፤ ለመጽሐፉ ብዙ ደግ ነገር አድርጋለታለች። የተጣመመውን አቅንታለታለች፣ አንድ ገጽ ሙሉ ሳይተነፍስ የሚሮጠውን ዓረፍተ ነገር ከፍላለታለች። ስለ ገመዱ የሚያወሳውን መስመር በምዕራፍ ሁለት ራስጌ ስታገኘው ፈገግ አለች። በምዕራፍ አምስት በረጅሙ ተነፈሰች። አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ በአባቷ ተናዳ ነበር። «ደንገል» ላይ ለሚጽፉት ወጣቶች ሁሉ የምትላቸው አንድ ቃል አላት፤ «አንባቢን አትናቁት፤ አንድ ጊዜ የነገራችሁትን አይረሳም።» ስንቱ ቃል አብዢ ገጣሚ በዚህ ቃል ተገርቷል። አባቷም አላመለጠም፤ ደብተሮቹን አርማ ስትመልስለት የነገረችው ይህንኑ ነው።

«አባዬ፣ ይሄን እኮ ምዕራፍ አንድ ላይ ብለኸዋል። አንባቢህ ሕፃን አይደለም።»

አምባቸው ቀያዮቹን ሰረዞች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ጠየቃት፦ «ያንች አንባቢ መጽሐፉን ከየት ነው የሚጀምር?»

«ከመጀመሪያው ነዋ።»

«ደግ» አለ። ሌላም የሚል መስሎ አፉን ከፈተና ፊቷን አየው። በዚያ ቀን ደስ ብሏት ነበር። አባቷ የልቡን ሥራ ለሷ ማምጣቱ ከየትኛውም ሽልማት በልጦባት፣ ደስታዋ ከፊቷ ይነበብ ነበር። «አንች ካልሽ ደግ ነው» ብሎ ደብተሮቹን ዘጋ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ቃልኪዳን ግን ማፍሰሷን ያወቀችው በለቅሶው በሁለተኛው ቀን ነው፤ ሲለቅምላት የከረመውም ሌላ ሰው ነው።

በሣልስቱ ግሩም ከፔዳ መጣ። «ደንገል» ላይ የሚጽፍ ገጣሚ ነው፤ ለሐዘኑ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ ጥቁር ሻርፕ ደርቦ፣ ከቤተሰቡ ይልቅ ሐዘንተኛ መስሎ ነበር። ቃልኪዳን አጠገብ ተቀምጦ የኑርሑሴንን መጽሐፍ ሲያገላብጥ ቆየ።

«ጋሽ አምባቸው መጽሐፍ እንዳላቸው አላውቅም ነበር» አለ። «ይሄ መደጋገሙ ግን ደስ ይላል። እንደ ዘፈን አዝማች ነው።»

«አዝማች አይደለም ልጄ» አሉ ከወዲያ በኩል አንድ ሰው።

የተናገሩት የአንድ ደሴት ገዳም ጀልባ የሚነዱት አባ ወልደ ሐዋርያት ነበሩ። ንፍሮ የያዘውን ሳሕን ወደ ጎን አደረጉ።

«እኛ ይህን መጽሐፍ እንደ ዳዊት ከአንድ ጀምረን አንደግመውም። የምንፈልገው ሞተር ሲቆም ነው። ማዕበል እየመታን፣ እጃችንን ቤንዚን ነክቶት፣ የተበላሸችውን ፈልገን እዚያችው ላይ ነው የምንገልጥ። የፊተኛውን ገጽ ማን ያየዋል? አንድ ነገር ሊነግረን የሚሻ ሰው በገለጥንበት ሁሉ ቆሞ መጠበቅ አለበት።»

ግሩም መጽሐፉን ከደነ፤ ገጣሚን ዝም ማሰኘት ደግሞ ቀላል አይደለም። ቃልኪዳን ወደ አባ ዞረች።

«አባ፣ የእርስዎንስ በቀይ ነው የጻፈልዎ?»

«በቀይ ነው። ‹እኛ ዘንድ ቀይ ቀለም ለቅዱሳን ስም ነው› አልኋቸው። ‹እኛ ዘንድ ለስሕተት ነው አባ› አሉኝ።» ትንሽ ፈገግ ብለው ነበር፤ ፈገግታቸው ግን አልቆየም። «መዞር የጀመሩ ከቁንዝላው ሰው አደጋ ወዲህ ነው። አልሰማሽም?»

አልሰማችም። አባ ነገሯት። ገድሉ የሚባል ጀልባ ነጂ፣ አምና ግንቦት ላይ፣ መሐል ሐይቅ ሞተሩ በቤንዚን ታፍኖ ቆመበት። መመሪያውን አወጣ። ስለ ታፈነ ሞተር የሚናገረው ሰባተኛው ምዕራፍ ነው፤ እሱን ገልጦ የተባለውን ሁሉ ተራ በተራ አደረገ። ሞተሩ ሳይታሰብ ተነሣ፣ ጀልባዋ ዘለለች፣ ገድሉ ወደቀ። ነጂ የሌላት ጀልባ ክብ ሠርታ ተመለሰችበት፤ ከውሃው ስር የሚሽከረከረው ብረት ቀኝ እጁን ከክርኑ ወሰደው።

«ገመዱ እዚያው ሞተሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር አሉ» አሉ አባ። «ሰውየው ሰነፍ አይደለም። የተጻፈለትን ነው ያደረገ። አባትሽ ሊጠይቁት ሄደው ‹ጥፋቱ የጸሐፊው ነው› ቢሉት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ‹ደጄን እንዳይረግጡ› አለ። የሁሉም መጽሐፍ ተዳርሶ የሱ ብቻ ቀረ። በኅዳር ሚካኤል ልቡ ራርቶ ‹ይምጡ› ብሎ ላከባቸው። ወደሱ ሲሄዱ ነው እንግዲህ…»

አባ ቃሉን አልጨረሱትም። ቃልኪዳን ራሷ ጨረሰችው። የአንድ ሰው ክንድና የአባቷ የመጨረሻ መንገድ ከአንዲት እስክሪብቶ ነው የወጡት። አባቷ «ረስቼው ነው» እያለ የሐይቁን ዳር ሲዞር የከረመው የሷን ስም ላለማንሣት ነበር። እውነቱን የሚያውቅ ሰው አሁን በምድር ላይ እሷ ብቻ ናት። ዝም ካለች ማንም አይጠይቃትም፤ የሟች ስም ደግሞ በየቀኑ እየተወደሰ ነው፣ አንድ ትንሽ መርሳት አያጎድፈውም። ይህን ማሰቧ ራሱ አሳፈራት፤ ግን ማሰቧን አልተወችም።

በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሣ፣ የዕድሩ ወንበር ተመለሰ። የሩቅ ዘመድ ተሰናበተ። ቤቱ ባዶ ሲቀር ጉሙ የሚገባበት አገኘ፤ በዚያ ሰሞን ከሐይቁ የሚነሣው ጉም እስከ ሰፈራቸው እስከ ሹም አቦ ድረስ ዘልቆ እስከ ሦስት ሰዓት በየበሩ ይቆም ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ በኩል የሞተር ድምፅ ይሰማል። ይነሣል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ቀጥ ይላል። ከዚያ እንደገና ይነሣል። ቃልኪዳን መጀመሪያ አንድ ምስኪን ሞተር ተበላሽቶበት ነው አለች። በሦስተኛው ጠዋት ግን ቆጠረችው፤ አሥራ አንድ ጊዜ ተነሥቶ አሥራ አንድ ጊዜ ቆመ። ለማንም አልነገረችም።

ገመዱን ልብስ ማስጫው ላይ አሰጣችው። ፀሐዩ ሲከር ዋለ፤ አሥር ሰዓት ላይ ስታየው ከጫፉ አሁንም ውሃ ጠብ ይላል።

«ይሄ ነገር ለምንድን ነው የማይደርቅ?» አለች አገርነሽ። ገመዱን በሁለት ጣቷ ይዛ ብዙ አየችው። «አባትሽ ሳይጨርስ የተወው ነገር አለ።»

ቃልኪዳን ሰባት ዓመቷ ሳለ አባቷ የሚጠግናቸውን ጀልባዎች ሊሞክር ሲወጣ ይዟት ይሄድ ነበር። መሪውን ያስይዛታል። ከዚያ በፊት ግን ሁልጊዜ ቀዩን ገመድ ከትንሿ እጇ ላይ እያሰረ ያችኑ ቃል ይላታል። አንድ ቀን ሰለቻትና «ትናንት እኮ ነግረኸኛል» አለችው። አምባቸው ቋጠሮውን እያጠበቀ «ያ የትናንት ነው፤ ይሄ የዛሬ ነው» አላት። እንዴት ይህን ረሳችው? አንድ ጊዜ የተነገረውን አይረሳም የምትለው ያ አንባቢ እሷ ራሷ እንኳ አልነበረችም።

የ«ደንገል»ን ቀጣይ ዕትም ረቂቅ አውጥታ ለማንበብ ሞከረች። በየገጹ የሰረዘቻቸውን መስመሮች ነበር የምታየው። ከእያንዳንዱ ሰረዝ ስር ሰው ያለ እየመሰላት ረቂቁን መልሳ ከተተችው።

በሰባተኛው ቀን፣ ፍትሐቱ ተደርጎ የቅርብ ሰው ብቻ እቤት እንደተሰበሰበ፣ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። አርባ ዓመት ይሆነዋል። የኮቱ ቀኝ እጅጌ ከክርኑ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። በግራ ብብቱ መጽሐፍ ይዟል።

«ገድሉ እባላለሁ። ከቁንዝላ ነኝ» አለ። «እግዜር ያጽናችሁ። ማረፋቸውን የሰማሁ ትናንት ነው። ለነገሩ አላመንሁም ነበር፤ የአቦ ዕለት እኔ ዘንድ ስለነበሩ።»

አገርነሽ ቀና አለች። «የበዓታ ዕለት ለማለት ነው።»

«የለም እናቴ። የአቦ ዕለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሸ ገና ጋቢየን አላወለቅሁም።»

«አቦ አምስት ነው» አለች አገርነሽ ቀስ ብላ። «እኛ በአራት ነው የቀበርነው።»

ጥግ ላይ የተቀመጠው ኑርሑሴን መቁጠሪያውን ማንከባለል አቆመ። ቤንዚኑን ያየው እሱ ነው። አንዲት ጎረቤት አማተበች። ገድሉ ሊከራከር አልቃጣም፤ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«እንግዲህ እኔ ያየሁትን ነው የምናገር። ጉም ነበር። የሞተር ድምፅ አልሰማሁም። ቀና ስል በሩ ላይ ቆመዋል። ልብሳቸው ርሶ ነበር፣ ሐይቁ መቷቸው ነው ብየ። ‹መጽሐፍህን አምጣ› አሉኝ። አመጣሁ። ቁጭ ብለው ጻፉ፣ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አነሡ። ‹ከዚህ ወዲያ ያለውን ልጄ ትጽፈዋለች› ብለው ይሄን አስቀምጠው ወጡ። ልሸኛቸው ብወጣ የሉም።»

ከደረት ኪሱ አውጥቶ ለቃልኪዳን ሰጣት። ቀይ እስክሪብቶ ነው። አውራ ጣቷ ክዳኑ ላይ ሄደና የጥርሷን ምልክት አገኘው። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ከማተቧ ጋር አሁንም ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«የጻፉት እሳቸው፣ የረሱት እሳቸው» አለ ገድሉ። «ልጃቸው ለምን እንደምትጨርሰው ነው ያልገባኝ። አንች ታውቂ እንደሁ እህቴ።»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እሷን ያይ ጀመር። አላውቅም ማለት ትችላለች። «ሽማግሌ የማይለው የለም» ብላ ማልቀስ ትችላለች፤ ሐዘንተኛ ነች፣ ማንም አይፈርድባትም። እናቷን አየች። ከዚያ የታጠፈውን እጅጌ አየች።

«አልረሳም ነበር» አለች። «አባቴ በየምዕራፉ ነበር የጻፈው። አሥራ ሁለት ጊዜ። ያንተም ምዕራፍ ላይ ነበረ። የሰረዝሁት እኔ ነኝ።»

አገርነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ገድሉ ባዶውን እጅጌውን የሌላ ሰው ይመስል ቁልቁል አየው።

«ለምን?»

«አንድ ጊዜ ከተባለ ይበቃል ብዬ። መደጋገሙ አስቀያሚ ሆኖብኝ።» እንባዋ መጣ፤ በዚህ ሰባት ቀን ካለቀሰችው ሁሉ የተለየ ነበር፣ ያቃጥላል። «እንዲያምር ብዬ ነው።»

«እንዲያምር» አለ ገድሉ። ቃሉን ሲለው ንዴቱ መጥቶ በፊቱ ላይ አለፈ። ከሐይቁ በኩል ምንም ድምፅ አይመጣም። «እጄን አትመልሽልኝም።»

«አልመልስልህም።»

«እንግዲያው ጻፊ።»

መጽሐፉን ከፊቷ አስቀመጠላት። ከሁለት እስከ ስድስት ያለው ተጽፏል፣ የአባቷ እጅ ነው፣ ከቀሩት ቅጂዎች ሁሉ አይለይም፤ የፊደሎቹ ጠርዝ ብቻ ውሃ እንደነካው ትንሽ ፈሷል። ሰባተኛውን ገለጠች። በገጹ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ እድፍ አለ። ግራሶ እንዳልሆነ ሳትጠይቅ አወቀች። ከርእሱ በላይ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ያን ባዶ ቦታ የፈጠረችው እሷ ናት፣ ያኔ ደግሞ ለዓይን ዕረፍት ይሰጣል ብላ ወዳው ነበር።

ገጹ ግን አልተኛም፣ በተጫነችው ቁጥር እየተነሣ ይጠቀለላል። ገድሉ ጎንበስ ብሎ የቀረችውን ግራ እጁን ዘረጋና ገጹን በመዳፉ ተጭኖ ያዘላት።

ጻፈች። ስምንተኛውን ገለጠላት፣ ያዘላት፣ ጻፈች። ዘጠነኛውን። አሥር፣ አሥራ አንድ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ቀለሙ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፣ ፊደሎቹን እየደጋገመች በማስመር አወጣቻቸው። ገድሉ አየውና እጁን ከገጹ ላይ አነሣ፤ መጽሐፉን ሊዘጋው ነበር።

«ቆይ» አለችው።

ወደ ኋላ መለሰችው፣ ወደ ምዕራፍ አንድ፣ ማንም ወደማይገልጠው የፊተኛው ገጽ። እዚያ ዓረፍተ ነገሩ ታትሞ ቆሟል፣ ያኔ የማረችው አንድ ብቻውን፣ ንጹሕ እንደሆነ፣ ምንም የጎደለው ነገር የለም። ቃልኪዳን እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ አራገበችና ከሱ ስር ያንኑ ቃል እንደገና ጻፈችው።